ካራማራን የኋሊት የወጣችው ቤት

ባለፈው ሳምንት፣ የዓረፋ በዓል ሲቃረብ፣ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ የልብስ ሰፊዎቹን የስፌት መኪና ድምፅ አልፌ በሐረር ጀጎል ግንብ ውስጥ ወደሚኖር አንድ ወዳጄ ቤት ስደርስ የእርጥብ ቀይ አፈር ሽታ በሩ ላይ ተቀበለኝ። የወዳጄ የልጅ ልጅ ጫማዋን አውልቃ፣ እጇ እስከ ክርኗ ቀልቶ፣ ቤቱን ለበዓሉ ትለቀልቃለች። “አባባ፣ ገና አልደረቀም፤ ትንሽ ይታገሱኝ” አለችና በርጩማ አወጣችልኝ። ተቀመጥሁ። የጋዜጣ ሥራ ካስተማረኝ ነገር አንዱ መጠበቅ ነው። ደግሞም ያ ሽታ ከያዘኝ በኋላ ግባ ብባልም እግሬ ቶሎ እሺ የሚል አልነበረም። ቀይ አፈሩን መጀመሪያ ጠግቤ ያሸተትሁት ቤት ውስጥ ተቀምጬ ሳይሆን መኪና ውስጥ ተንበርክኬ ነው፤ ካራማራ ተራራ ላይ።

በዚያ ዘመን ሐረር ውስጥ ያሉት መኪናዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። እያንዳንዳቸውን ሳናያቸው በጡሩምባቸው ድምፅ እንለያቸው ነበር። ቤንዚን በአራት ማዕዘን ቆርቆሮ ተሞልቶ ከድሬዳዋ ሽቅብ ይመጣል፤ አንዱ ቆርቆሮ የሰባ በግ ያህል ያወጣል። ባዶው ቆርቆሮም ለውሃ መቅጃ ስለሚፈለግ ገና ቤንዚኑ ሳያልቅ ሴቶች “ሲያልቅ ለእኔ” እያሉ ያስይዙ ነበር። ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ቡና የጫኑ በቅሎዎች ከአውቶሞቢል ጋር መንገድ ሲጋፉ፣ የሚያፈገፍገው አውቶሞቢሉ ነበር። እኔ ያን ጊዜ አዲስ አበባ ለሚታተም ጋዜጣ የሐረር ወሬ አቀባይ ነበርሁ። ካኪ ኮት፣ ጠባብ ሱሪ፣ ከግሪኩ ሱቅ የገዛሁት ባርኔጣ፣ ይህ ነበር ልብሴ። ቤታችን ከግንቡ ውጭ ሐኪም ጋራ ግርጌ ነው፤ አባቴ ከሸዋ ከመጡት ወታደሮች አንዱ ነበር።

አንድ የውጭ አገር ሰው በቆላው አውሬ ሊያድን ሲመጣ በጭነት መኪና ጀርባ ላይ የተሠራ የጣውላ ቤት ይዞ መጣ። ሁለት መስኮት ከነመጋረጃቸው፣ ወደ ኋላ የሚከፈት በር፣ የምትታጠፍ መሰላል፣ ከግድግዳ የሚወርድ አልጋ ነበራት። ቤቷን ተሸክማ ስለምትሄድ የከተማው ሰው “ኤሊ” አላት። ያኔም አሮጌ ነበረች። ሰውዬው ወባ ይዞት ወደ አገሩ ሲመለስ ጥሏት ሄደ፤ ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቁባት ከቆየች በኋላ ጊደር መጋላ ገበያ ጨውና ጨርቅ የሚነግዱት ሐጂ ዑመር በርካሽ ገዟት። ሐሳባቸው ቤቱን አፍርሰው ጨው ሊጭኑባት ነበር።

ከዚያ በፊት ከጅጅጋ ወሬ መጣ። የሐጂ ዑመር ታናሽ እህት ፋጡማ እዚያ ተድራ ብዙ ዓመት ሆኗታል። ባሏ ንግዱን ባሕር ማዶ ወዳለችው የአደን ከተማ ሊያዞር ስለቆረጠ ከነልጆቹ ተነሥቶ፣ በሚቀጥለው ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ በአንድ ነጋዴ የጭነት መኪና ወደ በርበራ ወደብ ሊሄድ ነው። ከዚያ ወዲያ ባሕር ነው። የፋጡማ እናት አይ ዘይነባ ይህን ሲሰሙ ለቀናት ምግብ አልቀመሱም። ሐረሪዎች እናትን “አይ” ይላሉ፤ ሰፈሩ ሁሉ እንዲያ ነበር የሚጠራቸው። ወድቀው ዳሌያቸው ከተጎዳ ጀምሮ በቅሎ ላይ መቀመጥ አይችሉም። ከዚያም በላይ በሕይወታቸው ከግንቡ ውጭ አድረው አያውቁም። ሐረሪዎች ከተማቸውን “ጌ” ብቻ ይሏታል፤ ከተማ ማለት ነው፤ ሌላ ከተማ ያለ አይመስላቸውም እያለ የሐጂ ዑመር ሾፌር ተሰማ ይቀልድባቸው ነበር።

“እናቴ፣ መኪና አለን። በአንድ ቀን አደርስሻለሁ” አሏቸው ሐጂ ዑመር።

“እኔ ከጌ ወጥቼ አድሬ አላውቅም።”

“ፋጡማን ማየት አትፈልጊም?”

“ቤቴ ከሄደ እሄዳለሁ” አሉ አይ ዘይነባ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው።

ይህን ሌላ ሰው ቢሰማው እንቢታ መሆኑን ያውቅ ነበር። ሐጂ ዑመር ግን የእናታቸውን ቃል ቃል በቃል የሚፈጽሙ ሰው ነበሩ። በማግሥቱ አናጢ ጠርተው የኤሊን አልጋ አስነቀሉ። በምትኩ ነደባ የሚሉትን የሐረሪ ቤት መደብ በጣውላ አሠሩ፤ አንድ ትልቅ ከፊት ለፊት፣ አንድ ትንሽ ከበሩ አጠገብ። ላዩን በቀይ አፈር አስለቀለቁት። ከእናታቸው ግድግዳ ላይ ስፌቶቹን አውርደው በኤሊ ግድግዳ ላይ ሰቀሉ። አይ ዘይነባ በዱላቸው ተደግፈው መጡና መሰላሉን ወጥተው አዩ። ትንሹን ነደባ በመዳፋቸው ዳበሱት። “የፋጡማንም መቀመጫ አልረሳህም” አሉና ወረዱ። መሄዳቸው በዚያ ታወቀ።

ተሰማ የሰፈሬ ልጅ ነው፤ ዘፈን የማይጠፋው፣ አፉ የማይዘጋ ሾፌር። ከመሄዳችን በፊት በነበረው ቀን ከኤሊ ሥር ገብቶ ባሌስትራዎቹን፣ እነዚያን ክብደቱን የሚሸከሙ ተደራራቢ ብረቶች፣ አየና “ይችላል” አለ። እውነቱን ነው፤ ያን ጊዜ ይችል ነበር። ችግሩ ማታ የአይ ዘይነባ አፎቻ ሴቶች መምጣታቸው ነው። አፎቻ የሰፈር መረዳጃ ማኅበር ነው፤ ሠርጉንም ሐዘኑንም አብሮ የሚያነሣ። ሴቶቹ ሊሰናበቱ መጥተው የሐጂ ዑመርን ልቅለቃ ሲያዩ ኀፍረት ያዛቸው። እንዲህ ያለ ስስ ቤት ይዘው ጅጅጋ ሰው ፊት ሊቀርቡ ነው? አፈር በእንቅብ አስመጡ። ከረቡ የሚሉትን ከበሮ እየመቱ፣ እየዘፈኑ፣ በልቅለቃው ላይ ልቅለቃ ደረቡበት፤ ከመደቡ አልፈው ወለሉንና ግድግዳውንም አደነደኑት። ቀይነቱ ከሸዋ ጦር ጋር በተደረገው ውጊያ ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ሲባል በሐረሪዎች ዘንድ ይነገራል። አባቴ ከየትኛው ወገን እንደመጣ ስለማውቅ በዚያ ቤት ጠይቄ አላውቅም።

ረቡዕ ጎሕ ሲቀድ ተሰማ ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሣበትን ብረት፣ ማኖቬላውን፣ ይዞ መጣና ከርቀት ቆመ።

“ሐጂ፣ ትናንት ሳያት ቆማ ነበር። ዛሬ ለምን ተቀመጠች?”

“ሴቶቹ ትንሽ ለቀለቋት።”

“ትንሽ? ይህችማ አረገዘች!”

ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ነበር። ልጆች መስኮቱ ላይ ተንጠልጥለዋል፤ አይ ዘይነባ ጥቁር ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ጠጉራቸውን በጉፍታ ሸፍነው ትልቁ ነደባ ላይ ተሰይመዋል። ተሰማ “ይችላል” ያለበትን አፍ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት መመለስ ከበደው። ማኖቬላውን አዞረ። እኔ ጋዜጣዬ የጅጅጋ መንገድ ለመኪና ይመች እንደሆነ እንድጽፍ አዝዞኝ ስለነበር ከሾፌሩ አጠገብ ተቀመጥሁ፤ ሐጂ ዑመር ከእናታቸው ጋር ከኋላ። በሐኪም ጋራ ግርጌ አልፈን ወደ ኤረር ሸለቆ ቁልቁል ወረድን።

ዛሬ በዚያ መንገድ አውቶቡስ ላይ ተቀምጠህ፣ ባቢሌ ላይ ኦቾሎኒ በመስኮት ገዝተህ፣ በልተህ ሳትጨርሰው ጅጅጋ ትደርሳለህ። ያኔ መንገድ የምንለው ከእኛ በፊት የሄደ ሰው የጎማ ዱካ ነበር። ኤረርን ተሻግረን ዳገቱን ስንጀምር ራዲያተሩ አንድ ቦታ ላይ ተሰነጠቀና የሞላነው ውሃ እየተንዠቀዠቀ ወረደ። ተሰማ ሳሙና ለጠፈበት፤ ቀለጠ። ጨርቅ ወተፈበት፤ ተፋው። አይ ዘይነባ በመስኮቱ አንገታቸውን አውጥተው ሲያዩ ቆዩና “ዑመር፣ የአብሽ ዱቄቴን ስጠው” አሉ። ለፋጡማ የያዙት ነው፤ ሐረሪዎች ሁልበት የሚሉትን መረቅ የሚሠሩበት። “አብሽ ውሃ ሲያገኝ ምን እንደሚሆን ባለ ምጣዱ ሁሉ ያውቃል። አንተ ወጥ ሠርተህ አታውቅም?” ተሰማ ራዲያተሩን ዳግም ሞልቶ እየሳቀ ሁለት እፍኝ ጨመረበት። አብሹ አበጠ፣ ስንጥቁን ደፈነ። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው ድረስ ሞተሩ የሁልበት መረቅ ይሸት ነበር። “አይ ዘይነባ፣ ኤሊም የጌ ልጅ ሆነች” አላቸው ተሰማ። ያን ቀን ባቢሌ ላይ ጀንበር ገባችብን። አይ ዘይነባ ለመጀመሪያ ጊዜ ከግንቡ ውጭ አደሩ፤ ግን በቀይ ቤታቸው ውስጥ ነበርና አልቈጠሩትም።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ በዳካታ ሸለቆ፣ እነዚያ አንዱ ባንዱ ላይ የተቀመጡ ድንጋዮች ባሉበት፣ ከሥራችን ጠመንጃ የተተኮሰ የሚመስል ድምፅ ሰማን። የኋላው ባሌስትራ ዋናው ብረት ለሁለት ተሰብሯል። ተሰማ ከሥር ሲወጣ ዘፈኑ ጠፍቶ ነበር። መለዋወጫ ከድሬዳዋ ወዲህ የለም። ሐጂ ዑመር በኦሮምኛ ከአርብቶ አደሮች ጋር ተነጋግረው እርጥብ የግመል ቆዳ አመጡ። እኔ የወይራ ግንድ ቆረጥሁ። ተሰማ ወይራውን ከስብራቱ ጋር አስተኝቶ በቆዳው ጠፍሮ አሰረው፤ ቆዳ ሲደርቅ እንደ ብረት ይጨብጣል። እስኪደርቅ ግን ፀሐይ ብቻ ናት ሠራተኛዋ። ከሥሩ ተቀምጠን ጠበቅን።

“ጅጅጋ ሰው በእግር እንላክና እነፋጡማን የሚወስደው መኪና እንዲቆይ ይለምን” አልኋቸው ለሐጂ።

“መኪናው የሌላ ነጋዴ፣ መርከቡ የሌላ መንግሥት። ለማን ብሎ ይቆያል?” አሉኝ። ቀና ብለው ወደ መስኮቱ አዩ። አይ ዘይነባ ሰምተዋል። ፊታቸው ላይ ምንም አልነበረም፤ ከዱላቸው ላይ ግን እጃቸውን አላነሡም።

ከሰዓት በኋላ ቆዳው ደረቀና በሰው እርምጃ እየተጓዝን ፋፈን ደረስን። ዓርብ ማለዳ ካራማራ ግርጌ ነበርን። ከተራራው ወዲያ ሜዳው ነው፤ ሜዳው ላይ ጅጅጋ ናት። ከዚያ በላይ የቀረን መንገድ አልነበረም፤ የቀረን ጊዜም እንደዚያው። ተሰማ ተንደርድሮ ወጣ። ከዳገቱ ሲሶ ሳይደርስ ኤሊ አነጠሰች፣ አቃሰተች፣ ቆመች። ወርደን ታኮ ድንጋይ ከጎማው ሥር አስገባን። ሻንጣውን፣ የስኳር ከረጢቱን፣ ትርፍ ጎማውን ሁሉ አወረድን። እንደገና ሞከረ። ጠፍሩ ሲጮኽ ሰማሁት።

“በቃ” አለ ተሰማ፣ እጁን በቡትቶ እየጠረገ። “ሐጂ፣ ከዚህ በኋላ የሚወርደው አፈሩ ነው።”

“አይሆንም።”

“የተሸከምነው ኮረብታ ነው! ኮረብታ ተሸክሜ ተራራ አልወጣም።”

“ለእናቴ ቤቷን ይዤ እንደምሄድ ቃል ገብቻለሁ። አንተም ይችላል ብለሃል። ወላሂ፣ አንተ ራስህ ነህ ያልከው!”

“ያልሁት ለመኪና ነው፤ ለቤተ መንግሥት አይደለም!”

ሁለቱም ድምፃቸው ከፍ ብሎ፣ እኔ መሀል ገብቼ ሳለሁ፣ በሩ ተከፈተ። አይ ዘይነባ መሰላሉ ጫፍ ላይ ቆመዋል። ከእኔ ጋር በአማርኛ ነበር የሚነጋገሩት፤ “ወረቀተኛው” ነበር የሚሉኝ።

“አንተ ወረቀተኛው፣ አንተ አትዋሽም። ፀሐይዋ የት ደረሰች? ጁምዓ ከመድረሱ በፊት እንደርሳለን?”

“እንዲህ ሆነን አንደርስም፣ አይ።”

“አፈሩ ቢወርድስ?”

ተሰማን አየሁት። ትከሻውን ነቀነቀ። “ምናልባት” አልሁ።

“ዑመር” አሉ፣ ወደ ልጃቸው ዞረው። “ቤቴ ከሄደ እሄዳለሁ ያልሁህ መሄድ ስላልፈለግሁ ነው። ፈርቼ ነው። አሁን ፈልጌያለሁ።” እጃቸውን ለተሰማ ዘረጉ። “ያንን ብረት አቀብለኝ።”

ማኖቬላውን ሰጣቸው። ወደ ውስጥ ተመለሱና የተቀመጡበትን ትልቁን ነደባ “ቢስሚላህ” ብለው መቱት። ደካማ ምት ነበር፤ ቅርፊቱ ትንሽ ብቻ ነው የተነሣው። ሐጂ ዑመር ከደጅ ሆነው ሲያዩ ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ከዚያ መጥረቢያውን አንሥተው ገቡ። ሦስታችን ተንበርክከን ፈለጥን፣ አፈስን፣ በበሩ ወረወርን። ሽታው ያኔ ነው ውስጤ የገባው፤ ውስጡ ገና አልደረቀም ነበር፣ የሴቶቹ መዳፍ ምልክት እዚህም እዚያም ይታይ ነበር። ስፌቶቹ ከሻንጣው ጋር ድንጋይ ላይ ተደረደሩ። ግድግዳው ጣውላ ሆነ፣ ወለሉ ጣውላ ሆነ። ተሰማ በመጨረሻ ወደ በሩ ዞሮ ትንሹ ነደባ ላይ መጥረቢያውን አነሣ።

“እሱን ተው” አሉት።

“አይ ዘይነባ፣ ይከብዳል።”

“ፋጡማ ከበደችህ?”

ተሰማ መጥረቢያውን አወረደ። “አልከበደችኝም” አለ። ይልቅ ወደ ሞተሩ ሄዶ ሲያስብ ቆየ። በዚያ ዘመን መኪና ቤንዚኑ ወደ ሞተሩ የሚወርደው በራሱ ክብደት ነበር፤ ዳገት ላይ አፍንጫዋ ወደ ላይ ሲያንጋጥጥ ቤንዚኑ ወደ ኋላ ይሸሻል። የኋሊቱ ማርሽ ደግሞ ከሁሉም ይበረታል። “እናዙራት” አለ። “ተራራውን ጀርባዋን ሰጥታ ትውጣው።”

አዞርናት። አሁን የቤቷ በር ወደ ተራራው ዞረ፤ ሾፌሩ ግን የሚያየው ትተነው የምንሄደውን ቆላ ብቻ ሆነ። እኔና ሐጂ ዑመር ታኮ ይዘን ከጎማዎቹ ጎን መራመድ አለብን። መንገዱን የሚያይለት ሰው ያስፈልጋል። አይ ዘይነባ በሩን ወለል አድርገው ከፍተው ትንሹ ነደባ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። “ወደ ገደሉ ስትጠጋ አንድ፣ ወደ ተራራው ስትጠጋ ሁለት እመታለሁ” አሉና ዱላቸውን በጣውላው ላይ አሳዩት። ከጌ ወጥተው የማያውቁት ሴትዮ መኪና ሊመሩ ነው። ተሰማ “ኧረ እንደ ፈቀዱ!” ብሎ ጮኸ።

ጥቂት ትወጣለች፣ ታኮ እንወትፋለን፤ ሞተሩ ያርፋል፣ የአብሽ እንፋሎት ይተናል፣ እንደገና ትወጣለች። ኳ! ተሰማ መሪውን ያዞራል። ኳ፣ ኳ! ይመልሳል። አንድ ጊዜ ጠፍሩ ላላ፤ ሐጂ ዑመር የራሳቸውን የሐር መታጠቂያ ፈትተው አሰሩበት። አንድ ጊዜ የኋላው ጎማ የመንገዱን ጠርዝ ናደና ድንጋዮቹ እየተንኳኩ ወደ ታች ሲሄዱ ሰማን። ዱላው ሳይቋረጥ፣ ሳይቸኩል፣ አንድ ብቻ መታ። አይ ዘይነባ ዓይናቸውን አልጨፈኑም። ጫፉ ላይ ስንደርስ ነፋሱ ፊታችንን መታን፤ ሜዳው ተዘረጋ፤ ከሩቅ የጅጅጋ ቆርቆሮዎች አብለጨለጩ። ማንም “አልሐምዱሊላህ” ለማለት እንኳ ትንፋሽ አልነበረውም። ኤሊን ፊቷን አዙረን ቁልቁል ለቀቅናት።

ከተማው ስንገባ ሰው ከመስጊድ እየወጣ ነበር። የጭነት መኪናው ገበያው ዳር ቆሟል፤ የጫነው የቆዳ ክምር ታስሮ፣ መንገደኞቹ ከላይ ወጥተው፣ ሞተሩ እየሠራ። ፋጡማ ልጅ ታቅፋ ልትወጣ አንድ እግሯን አንሥታ ነበር። የሁልበት ሽታ እየነፋች የመጣችውን የተጎሳቆለች ቤት ገበያው ሁሉ ዞሮ አየ፤ እሷም አየች። መስኮቱ ላይ ማን እንዳለ ስታውቅ ልጁን ለባሏ ሰጥታ ሮጠች።

መሰላሉን ወጣች። ውስጡ ባዶ ጣውላ ነው፤ እዚህም እዚያም ቀይ ፍርፋሪ። ከበሩ አጠገብ ግን አንዲት ደህና የተለቀለቀች መደብ አለች፣ አንድም ጥግ ያልተነካ። ፋጡማ አንድ ቃል ሳትጠይቅ፣ ማንም ሳያሳያት፣ እሷ ላይ ሄዳ ተቀመጠች፤ በልጅነቷ በእናቷ ቤት ትቀመጥበት እንደነበረው፣ እግሯን ሰብስባ። አይ ዘይነባ ዱላቸውን ይዘው እንደምንም ብለው ባዶው ወለል ላይ፣ ፊት ለፊቷ ተቀመጡ። ከውጭ የጭነት መኪናው ጡሩምባ ተነፋ። አንዴ፣ ደግሞ አንዴ። የዚያ መኪና ሾፌር መጥቶ በሩ ላይ ቆመና መርከብ እንደሚያመልጠው ተናገረ።

“ይጠብቅ በሉት” አሉ አይ ዘይነባ፣ ዞር ሳይሉ። “ልጄ ገና ቤት መግባቷ ነው።”

ጠበቀ። ምን ያህል እንደጠበቀ ሰዓት አላየሁም፤ በሥራዬ ዘመን ሰዓት ካላየሁባቸው ጥቂት ጊዜያት አንዱ ነው። ሞተሩን ሲያጠፋ ብቻ ሰማሁ።

ለጋዜጣው አራት መስመር ላክሁ፤ አንድ አውቶሞቢል ከሐረር ተነሥቶ ባሌስትራ ቢሰበርበትም በሦስተኛው ቀን ጅጅጋ በደኅና መግባቱን፣ መንገዱም ጥገና የሚያስፈልገው መሆኑን። ሁሉም እውነት ነበር። በመልስ ጉዟችን ካራማራ ላይ ሐጂ ዑመር የተጣለውን ቀይ ክምር አይተው መኪናውን አስቆሙ። እናታቸው “ስፌቶቼን አንሣና አፈሩን ለመንገዱ ተወው” አሏቸው። በዚያ ጉዞ ባዶው ጣውላ ላይ እንዴት እንደሚያድሩ ተሰማ ሲጠይቃቸው “አሁንማ መንገደኛ ነኝ፤ መንገደኛ የትም ያድራል” አሉት። ፋጡማ ከባሕሩ ማዶ ቀረች። አይ ዘይነባም ከዚያ በኋላ ከጌ ወጥተው አላደሩም። ሐጂ ዑመር እንዳሰቡት ጣሪያውን አንሥተው ኤሊን የጨው መኪና አደረጓት። ዘመኑ ተለዋውጦ እስክትወሰድ ድረስ በፈረስ መጋላ ስታልፍ አያት ነበር፤ ጨው ከዳር እስከ ዳር ተቆልሎባት፣ ከኋላ ጥግ ግን የአንድ ሰው መቀመጫ የምታህል ቀይ ቦታ ባዶዋን ትሄድ ነበር። በየዓረፋው ተለቅልቃ ትታደሳለች። እሷ ላይ ጨው ተጭኖ አይቼ አላውቅም።

“አባባ፣ ደርቋል፤ ይግቡ” አለችኝ የወዳጄ የልጅ ልጅ፣ እጇን እየታጠበች። ጫማዬን አውልቄ ገባሁና ከበሩ አጠገብ ቆምሁ።

“ወደ ትልቁ ነደባ ይውጡ እንጂ፣ ምነው?”

ወደ ትልቁ ወጣሁ። ከበሩ አጠገብ ያለችውን ትንሿን ለባለቤቷ ተውኋት።